የሚጠየቅ ድምፅ፦ ሬዲዮ በአዋሽ ሸለቆ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው። በ1890 ከጅቡቲ የተጀመረው መስመር በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በገንዘብና በፖለቲካ ጭቅጭቅ ለዓመታት ከቆመ በኋላ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከሐዲዱ ጋር የቴሌግራፍና የስልክ ሽቦ ነበረና ባቡሩ ከሰውና ከዕቃ በተጨማሪ ወሬ ይዞ መጣ። ወሬው ግን በሸለቆው ያልፍ ነበር እንጂ ለሸለቆው አይነገርም ነበር። ከወደቡ የተነሳ መልእክት በሰዓታት ውስጥ ቤተ መንግሥት ሲደርስ፣ ከሽቦው ሥር ግመል እየነዳ የሚሻገረው አፋር ከመልእክቱ አንዲት ቃል አይደርሰውም፤ እርሱ ስለ ራሱ አገር የሚያውቀውም በዚያ ሽቦ ላይ ቦታ አልነበረውም። በአዋሽ ሸለቆ የመገናኛ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ መተላለፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ምዕራፎችም ይህን ክፍተት በተለያየ መጠን ያጠበቡ ወይም ያሰፉ ናቸው።

ሸለቆው ግን ዜና አጥቶ አያውቅም። ዳጉ ከሽቦውም ከሬዲዮውም በፊት የነበረ፣ ሥርዓቱ የታወቀ የዜና ተቋም ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ሰላምታ ተለዋውጠው ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። የሚነሳው ጉዳይ ሰላም፣ ዝናብ፣ ግጦሽ፣ የከብት በሽታ፣ የገበያ ዋጋ፣ ልደትና ሞት፣ በአካባቢው የታየ እንግዳ ሰው ነው። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው መለየት አለበት፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ዋሽቶ የተገኘ ወይም የሚያውቀውን የደበቀ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ በባህሉ ሕግም ሊቀጣ ይችላል። ጉልላት መንበረና ኖርዌያዊው ቴርዬ ሸርዳል እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ዳጉ በጻፉት ጥናት ትልቅ ቦታ የሰጡት ለዚሁ የማጣራት ግዴታ ነው። ሬዲዮ ወደ ሸለቆው ሲመጣ ከዚህ ሥርዓት ነጋሪውን ወሰደ፤ ጠያቂውን ተወ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘጠና ዓመት ገደማ የሚነበበው፣ በእኔ እምነት፣ ጠያቂው ምን ያህል ወደ ቦታው እንደተመለሰ በመመልከት ነው። በአዋሽም ሆነ በሰመራ ስለ ማኅበረሰብ ጉዳይ የሚሠራ የሬዲዮ አዘጋጅ ሙያም መመዘን ያለበት በድምፁ ማማር ወይም በስርጭቱ ስፋት ሳይሆን በዚሁ ነው።

የአቃቂው ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ሥራ ሲጀምር ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ጦርነት እየመጣ ስለነበር የኢትዮጵያን ድምፅ ለዓለም ማሰማት። ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ ስርጭቱ ሲቀጥልም ለብዙ ዓመታት የሚናገረው በአማርኛና በጥቂት የውጭ ቋንቋዎች ነበር። በየካቲት 1955 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ የከፈተው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በአጭር ሞገድ እስከ ሩቅ እስያ ይሰማ ነበር። ከቤተ መንግሥትም ከቤተ ክርስቲያንም የሚመጣው ድምፅ ወደ አዋሽ ሸለቆ መድረሱ አልቀረም። የሸለቆው ዕጣ እየተወሰነ የነበረውም በእነዚያው ዓመታት ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ተጠናቀቀ፤ በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ ከላይ በመተሐራ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ሸንኮራ ተከለ። ለመስኖ የተመረጠው ለም መሬት አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ለአፋር በአፋርኛ የነገረው ጣቢያ አልነበረም፤ ይልቁንም እርሱ በበጋ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀው አልነበረም። የአውሳው ሡልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ በራሳቸው መንገድ ከመንግሥትና ከእንግሊዙ ኩባንያ ጋር ተደራድረዋል፤ በዱብቲና በአሳይታ ዙሪያ የራሳቸው ሰዎች ጥጥ እንዲያለሙም አድርገዋል። የተራው አርብቶ አደር ጥያቄ ግን በድርድሩ ጠረጴዛም በሬዲዮም ቦታ አልነበረውም።

የዚህ ዝምታ ዋጋ በ1964 እና በ1966 መካከል ተከፈለ። የወሎ ረሃብ ተብሎ የሚታወሰው እልቂት አብዛኛው ሰው በሐሳቡ የሚያየው በደጋ ገበሬ መልክ ነው፤ ከአውራ ጎዳናው ዳር የተኮለኮሉትን ሰዎች የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ያን ትዝታ አጽንተውታል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትት መጽሐፉ ግን ከሁሉም የከፋ ጉዳት ከደረሰባቸው ማኅበረሰቦች ግንባር ቀደሙ የአፋር አርብቶ አደር መሆኑን አሳይቷል። ሁለት ምክንያት ሰጠ። አንደኛው ድርቅ ሲመጣ የሚሸሹበት የወንዝ ዳር ግጦሽ በንግድ እርሻ መወሰዱ ነው። ሁለተኛው የገበያ ጉዳይ ነው፤ አርብቶ አደር የሚኖረው ከብት ሸጦ እህል በመግዛት ስለሆነ፣ ከብቱ ከስቶ ዋጋው ሲወድቅና እህል ሲወደድ ያልሞተው ከብትም ቢሆን ነፍስ አያቆይም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ግጦሽ፣ የከብት ሁኔታ፣ የገበያ ዋጋ በዳጉ ላይ በየቀኑ የሚጠየቁ ነገሮች ናቸው። የረሃቡ ምልክት የሆኑት መረጃዎች ሁሉ በሸለቆው ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ እየዞሩ ነበር ማለት ነው። አገሩ ያጣው መረጃውን ለመስማት የሚጠይቅ ጆሮ ነው። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ዝም አሉ፤ በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሠራው ዘገባ ዓለምን አነቃ፤ ያው ፊልም ተቆርጦና ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጣጥሎ በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ለአዲስ አበባ ተመልካች ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የረሃቡ ዜና መጀመሪያ ለለንደን፣ ቀጥሎ ለአዲስ አበባ፣ በመጨረሻም መሣሪያ ሆኖ ለአብዮቱ አገለገለ። ለረሃብተኛው ራሱ ያገለገለው ከሞተ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በአዋሽ ወይም በአሳይታ አንድ የአፋርኛ አዘጋጅ ተቀምጦ በሳምንት አንድ ጊዜ የከብትና የእህል ዋጋ ቢጠይቅና ቢያሰማ ኖሮ እልቂቱ ይቆም ነበር ብዬ አልምልም። ሳይታወቅ ግን አይቀርም ነበር፤ ባለሥልጣናቱም አልሰማንም የሚሉበት ምክንያት አይኖራቸውም ነበር።

አፋርኛ በአገር አቀፉ ሬዲዮ ላይ ቦታ ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ዘመኑ ለቋንቋው ክብር ያሰበ ይመስላል፤ እውነትም የተወሰነ ክብር ነበረበት። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ አፋርኛ ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ዲሚስና ሬዶ የተባሉት ሁለት የአፋር ምሁራን አፋርኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር፤ ቋንቋው ለዘመናዊ ሥራ እየተሰናዳ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም መንግሥት አፋርኛ ተናጋሪ አድማጭ የፈለገበትን ምክንያት ከካርታው ማንበብ አይከብድም። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሡልጣን አሊሚራህ በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ከአገር ወጡ፤ የአፋር ነፃነት ግንባር ተመሠረተ፤ በምሥራቅ የሶማሊያ ጦርነት፣ በሰሜን የኤርትራ ጦርነት ነበር፤ በሰኔ 1969 ነፃ የወጣችው ጅቡቲም ከፈረንሳይኛና ከዓረብኛ ጋር በአፋርኛና በሶማልኛ ታሰራጭ ነበር። በአውሳ ያለ ሰው የትራንዚስተሩን እጄታ ጥቂት ቢያዞር የጎረቤት አገር አፋርኛ ያገኛል። አዲስ አበባ በዚህ ውድድር መግባት ነበረባት። በመጋቢት 1969 የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ተወርሶ ወደ መንግሥት ድምፅነት መዞሩም የዚያው አስተሳሰብ ውጤት ነው።

በእነዚያ ዓመታት አፋርኛ ያነበቡት ጋዜጠኞች ሥራ ሊናቅ አይገባም። አብዛኛው ተግባራቸው፣ እንደ ሌሎቹ የብሔረሰብ ቋንቋ ክፍሎች ሁሉ፣ በአማርኛ የተጻፈ ዜና መተርጎም ነበር፤ ግን ለፖለቲካ፣ ለጤና፣ ለእርሻ የሚሆን የአፋርኛ አነጋገር በየዕለቱ በማይክሮፎን ፊት ሲፈጠር የፈጠሩት እነርሱ ናቸው። የአፋር ዘፈንና ግጥም በሬዲዮ መሰማቱም ቋንቋው የመንደር ብቻ አለመሆኑን ለአዲሱ ትውልድ አሳይቷል። የአዲስ አበባን ሬዲዮ ያደመቁ የአማርኛ አዘጋጆች ስም በየቤቱ ይታወቃል፤ ማዕዛ ብሩ በሸገር 102.1 ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹን አንጋፋዎች አስቀምጣ ስለ ሕይወታቸው አናግራለች። የአፋርኛ ክፍሉ አንጋፋዎች እንዲህ ያለ መዝገብ አልተሠራላቸውም፤ ይህ ጉድለት ሳይመሽ ሊሞላ ይገባል። ለእነርሱ ያለን አክብሮት ግን አንድ እውነት እንዳናይ አያድርገን። በአፋርኛ መናገር ከአፋር ጋር መነጋገር አልነበረም። አዘጋጁ ከአድማጩ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጧል፤ አድማጩ «ከማን ሰማኸው? አንተ አይተኸዋል?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። ቋንቋው ሲገባ ጠያቂው ገና ውጭ ነበር።

ከ1983 በኋላ ሁለት ነገሮች አብረው መጡ። የአፋር ክልል ተቋቋመ፤ በ1987 ሕገ መንግሥቱ ሲጸና የክልሉ መንግሥት የራሱን የሥራ ቋንቋ የመምረጥ መብት አገኘ። በዚያው በ1987 ሥራ የጀመረው ሬዲዮ ፋና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ አሰራጨ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ታላላቅ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮጵያ በሚያሰራጩበት ታሪክ ውስጥ አፋርኛ የለምና። የጀርመን ድምፅ በ1957 በአማርኛ ጀመረ፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1975 አማርኛን፣ በኋላም ኦሮምኛንና ትግርኛን ጨመረ፤ ቢቢሲ በ2010 በሦስቱ ቋንቋዎች መጣ። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲዛወር፣ ከሎጊያና ከዱብቲ አጠገብ በጅቡቲው አውራ ጎዳና ላይ ከባዶ የተነሳችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2000 አገኘች፤ የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም መቀመጫው እዚያ ሆነ። የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ዘገባዎች ከ«ሰመራ» እና ከ«አዋሽ» እየተባሉ መነሳት ጀመሩ። ሕጉም ተለወጠ፤ የ1991ዱ የብሮድካስት አዋጅ በሩን ከፈተ፤ አዋጅ ቁጥር 533/1999 የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ሦስት ዓይነት አገልግሎት ለየ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለትርፍ የማይሠራ፣ በማኅበረሰቡ ተሳትፎ የሚመራ እንዲሆን ተደነገገ፤ ከመጀመሪያዎቹ ፈቃድ ካገኙት መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባው የቆሬ ማኅበረሰብ ጣቢያዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ የሞገድ ጉዳይ ከፖለቲካው ያላነሰ ወሳኝ ነው። አጭር ሞገድ ከሰማይ ላይ ተንጸባርቆ አህጉር ያቋርጣል፤ መካከለኛ ሞገድ መሬት ተከትሎ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ኤፍ ኤም ግን የሚሰማው አንቴናው በሚያየው ርቀት ውስጥ፣ በአሥሮች ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከተማን ለሚያገለግል ጣቢያ ኤፍ ኤም ርካሽና ጥርት ያለ ነው፤ ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ አድማጭ ግን ተራራውን ሲሻገር ያጣዋል። በ1999ኙ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ከነበረው የክልሉ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ «የአካባቢ ሬዲዮ» የሚለው አሳብ ከደጋ ወረዳ ወይም ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ወደ አፋር እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ራሳቸው አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። አዋሽ የባቡርና የጭነት መኪና ከተማ ናት፤ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ሶማሌው በአማርኛ ይገበያያል፤ ጆሮዋ ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ያዘነብላል። ሰመራ የቢሮ ከተማ ናት፤ አፋርኛ የምትናገርበት ምክንያት አላት፤ ጆሮዋ ወደ ጅቡቲም ይዘረጋል። አንዱ ከተማ የሌላውን ዜና የሚሰማው ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸውን ነገር የሚከታተል አዘጋጅ ሲኖር ነው።

አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ደግሞ ግልጽ ነው፤ ወንዙ። አዋሽ ከላይ ቆቃ ላይ ይገደባል፣ በመተሐራ፣ በከሰም፣ በአሚባራ፣ በተንዳሆ ይቀዳል፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ባሕር ሳያይ ያልቃል። ክረምት ላይ ከላይ የሚለቀቅ ውኃ ከታች አሳይታ ጎርፍ ይሆናል፤ በነሐሴ 2012 በብዙ ወረዳዎች ሰው ያፈናቀለው ጎርፍ ይታወሳል። በጋ ላይ ከላይ የሚቀዳ ውኃ ከታች ጥማት ይሆናል። በ1970ዎቹ ለጥላና ለማገዶ ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ በወንዙ ዳርና በከብት ሆድ እየተጓዘ በክልሉ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት መውረሩን ጥናቶች አረጋግጠዋል። የማኅበረሰብ ጉዳይ አዘጋጅ ሥራ እዚህ ነው። የግድቡ በር መቼ እንደሚከፈት ከባለሥልጣኑ ጠይቆ ለታችኛው ሰው መንገር ግማሹ ሥራ ነው፤ የታችኛው ሰው «ባለፈው የተባለው ውሸት ነበር፣ ውኃው ቀድሞ መጣ» ሲል ያን ይዞ ተመልሶ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ሌላው ግማሽ ነው። ካናዳ ከ1941 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ያካሄደችው የገበሬዎች የሬዲዮ ሸንጎ የቆመው በዚህ አካሄድ ነበር፤ ገበሬዎች በየመንደሩ ተሰብስበው ያዳምጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ የደረሱበትን ጽፈው ወደ ጣቢያው ይልካሉ፣ ጣቢያው በሚቀጥለው ሳምንት ያነበዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1956 በፑና አካባቢ ይህንኑ ሞከረችው። እነዚያ አገሮች የአድማጭ ቡድን ከባዶ ማደራጀት ነበረባቸው። በአፋር ቡድኑ ተደራጅቶ ይጠብቃል፤ ከሬዲዮ የሰማውን ዜና አጣርቶ ማን አለው ብሎ የሚጠይቅ ማኅበረሰብ ነው።

ለዚህ አሳብ ሦስት ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ፤ በቅንነት መመለስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው፣ ዳጉን ማሞገስ የአፍ ወሬን ማሞገስ ነው የሚለው ነው፤ በጎሳ ክልል የሚዞር፣ የወንዶች ድምፅ የሚበዛበት፣ ማስረጃ በጽሑፍ የሌለው። ከዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሴቶች በውኃ ዳርና በገበያ የሚለዋወጡት ዜና አለ፤ የሽማግሌዎቹን ያህል ክብደት ግን አይሰጠውም። ስለ እናቶች ጤና ወይም ስለ ሴት ልጅ ግርዛት የሚሠራ አዘጋጅ በወንዶች ጥላ ሥር ብቻ ቢቀመጥ የሚሰማው ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ የምለው ሬዲዮ ዳጉን እንዳለ ይቅዳ አይደለም። ከዳጉ የሚወሰደው የጥያቄና የተጠያቂነት ሥርዓቱ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ በበኩሉ በጥላው ሥር ያልተቀመጠችውን ሴት ድምፅ ለሁሉም ሊያሰማ ይችላል። አንዱ ሌላውን የሚያሟላው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የአካባቢ ቋንቋ ሬዲዮ ሰው አስጨርሷል። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው አርቲኤልኤም የተባለው የግል ጣቢያ ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው፣ በቀልድና በሙዚቃ አዋዝቶ ለዘር ማጥፋት አነሳሳ፤ ከመሥራቾቹ ሁለቱ በአሩሻው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈረደባቸው። በአዋሽና በሰመራ መካከል ባለው ጎዳና ዳር፣ በገዳማይቱ፣ በኡንዱፎና በአዳይቱ አካባቢ፣ በአፋርና በሶማሌ ኢሳ መካከል ለአሥርት ዓመታት ደም ሲፈስ ኖሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ለአንድ ወገን ብቻ በአንድ ቋንቋ የሚናገር ማይክሮፎን ያስፈራል። አርቲኤልኤምን በጥሞና ያየ ሰው ግን በዚያ ጣቢያ ማጣራት የሚባል ነገር እንዳልነበረ ያስተውላል። አዘጋጆቹ የሰው ስምና የመኪና ታርጋ ሲያነቡ «ከማን ሰማችሁ?» የሚላቸው አልነበረም። ያን ጊዜ በጎረቤት ብሩንዲ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ስቱዲዮ ኢጃምቦ ሌላ መንገድ መረጠ፤ አንድ ሁቱና አንድ ቱትሲ ጋዜጠኛ አብረው ወጥተው አንድን ክስተት አብረው ይዘግቡ ነበር፤ አንዱ ያልሰማውን ሌላው ይሰማል፣ አንዱ የደበቀውን ሌላው ይጠይቃል። አፋርኛና ሶማልኛ የሚናገሩ ሁለት አዘጋጆች በአንድ መኪና በዚያ ጎዳና ቢሄዱ ከብዙ የሰላም ኮንፈረንስ የሚበልጥ ሥራ ይሠራሉ። ሕጉ አይከለክለውም፤ የሚጎድለው ፈቃደኝነትና ነዳጅ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚዘወተር ነው። ደመወዙን መንግሥት የሚከፍለው አዘጋጅ መንግሥትን ሊጠይቅ አይችልም፤ ጠያቂ የሚሆነው ሞባይል ይዞ ፌስቡክ ላይ የሚጽፈው ወጣት ነው ይላሉ። የመጀመሪያውን ክፍል እቀበላለሁ፤ በሙሉ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሕዝብ ብሮድካስት ለሕዝብ እንዲሠራ ያዛል፤ በተግባር ግን የስብሰባ ዜና፣ የሥራ ኃላፊዎች ንግግር፣ የመሠረት ድንጋይ የስርጭቱን ሰፊ ጊዜ ይይዛሉ። ይህ ግን ለዘለዓለም የተጻፈ ዕጣ አይደለም። በአንድ ወረዳ የውኃ ጉድጓድ ስለተበላሸ ወይም ክትባት ስለዘገየ መጠየቅ ሥልጣን አይነካም፤ የሰው ነፍስ ግን ይነካል። ብዙ ታማኝ አዘጋጆች ሙያቸውን የገነቡት ከእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ተነስተው ነው። ስለ ስልኩ ግን የ2017ቱ ወራት ምስክር ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለሳ አካባቢ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ በታኅሣሥ 25 ከዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና ጭስ ወጣ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው እንዲነሱ ሆነ። ቪዲዮው በየስልኩ «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» እየተባለ ዞረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አታላይ አየለና ባልደረቦቻቸው በየጣቢያው እየቀረቡ ከመሬት በታች የቀለጠ ዐለት መንቀሳቀሱን፣ በፈንታሌ ግን ፍንዳታ አለመታየቱን አስረዱ። ስልክ ምስሉን በሰከንድ አደረሰ፤ «ከማን ሰማኸው» የሚለውን ጥያቄ ግን አላደረሰም። ማብራሪያው ከሳይንቲስቱ አፍ እስከ ዱለሳ አርብቶ አደር ጆሮ የሚደርሰው በአፋርኛ አስተርጉሞ፣ ተጠይቆ፣ እንደገና ጠይቆ በሚመለስ ሰው በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክስተት ይህን በይበልጥ አሳየ። በኅዳር 14 ቀን 2018 በአፍዴራ በኩል ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ፈንድቶ እንደማያውቅ የሚነገርለት ተራራ ነው። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ዑማን፣ ሕንድ ደረሰ፤ የዓለም ዜና የተሰረዙ በረራዎችን ቆጠረ። በአካባቢው የሞተ ሰው አልነበረም ተባለ፤ እንስሳው የሚበላው ሣር ግን በአመድ ተሸፈነ። እ.ኤ.አ. ከ1783ቱ የአይስላንድ የላኪ ፍንዳታ ጀምሮ እንደሚታወቀው የእሳተ ገሞራ አመድ ፍሎራይድ ሊይዝ ይችላል፤ በአይስላንድ በጎቹን የጨረሰው በዋናነት ይኸው በሣር ላይ የቀረው መርዝ ነበር። ስለዚህ ለአፍዴራ እረኛ ዋናው ዜና አውሮፕላኑ አልነበረም። የሚጠይቀው ሣሩ ከዝናብ በኋላ ይበላል ወይ፣ የኩሬው ውኃ ይጠጣል ወይ፣ ፍየሏ ጥርሷ ቢዳከም ወተቷ ለሕፃን ይሰጣል ወይ፣ መንጋውን ወዴት ልንዳ የሚል ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለክልሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ለጂኦፊዚክስ ኢንስቲትዩቱ፣ ለአደጋ ሥጋት ኮሚሽኑ በስም መቅረብ አለባቸው፤ መልሱም በተሰጠበት ቀን ተነግሮ፣ ከሳምንት በኋላ እረኛው ዘንድ ተሄዶ «እንደተባለው ሆነ ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ሰመራ ላይ አንድ ማይክሮፎን፣ የአፍዴራን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር፣ የክልሉን ቢሮዎች ስልክ የያዘ አዘጋጅና ስርጭቱን ከከተማው አልፎ የሚያደርስ ሞገድ ይበቃል።